ዛፍ ውስጥ ፓምፕ የለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ስልኩን አቀበለኝ። «ቲቸር፣ ይሄን ያንብቡት። እርስዎ ካሉን ጋር አይገጥምም» አለ።

አራት ኪሎ አካባቢ የአሥረኛ ክፍል ልጆችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ጽሑፉን እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ዛፍ እንዴት እንደሚጠጣና እንዴት እንደሚመገብ የሚያወራ ነው። አጻጻፉ ያምራል። ጸሐፊው ዛፍ እንደሚወዱም ያስታውቃል። ካነሷቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ግን የተሳሳቱ ናቸው። አንዱን ደግሞ ሰው አምኖ ከተከተለው ዛፍ ይገድላል። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ይሄው። ዛፍ እንደ ሰው የደም ዝውውር አለው፤ ልቡም ሥሩ ነው ይላሉ። ሥሩ ውሃውንም ስኳሩንም ከመሬት ስቦ በአንድ ቧንቧ ወደ ላይ ይረጫል። ሸንኮራ አገዳ የሚጣፍጠው፣ ቁልቋልም ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅርፊት ግን ልብስ ብቻ ስለሆነ ቢላጥም ቢታሰርም ጉዳት የለውም። መጨረሻ ላይ ምክር አለ፦ የደከመ ችግኝ ሥሩ ላይ ስኳር በጥብጦ ማፍሰስ።

ከልቡ ልጀምር።

«ሥር የዛፍ ልብ ነው፤ ውሃን እየገፋ ወደ ላይ ይልካል።»

እንዲህ ማሰብ ሞኝነት አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ስለ ደም ዝውውር የጻፈውን እ.ኤ.አ. በ1628 ካሳተመ በኋላ፣ ብዙ ምሁራን ዕፅዋት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ፈልገዋል። ከነዚህ አንዱ ስቲቨን ሄልስ የሚባል የእንግሊዝ ቄስ ነበር። የፈረስን የደም ግፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የለካው እሱ ነው። ስለዚህ ግፊት ምን እንደሆነ ያውቃል። የሱፍ አበባ በማሰሮ ተከለ፤ የማሰሮውን አፍ ከደነና በየቀኑ እየመዘነ ውሃው የት እንደሚገባ ተከታተለ። በ1727 ባሳተመው መጽሐፉ የደረሰበት ውሳኔ ግን ዝውውር የለም የሚል ነው። ውሃው ዞሮ አይመለስም። በቅጠል በኩል ተንኖ ይሄዳል።

ምን ያህሉ? ሥር ከሚስበው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቅጠል ቀዳዳዎች ወደ አየር ይወጣል። ተክሉ ለራሱ የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው። ደሙን በየቀኑ እንዲህ የሚያፈስ ልብ ያለው ፍጡር ውሎ አያድርም።

ታዲያ ውሃውን ማን ያወጣዋል? ይህን የእኛ ከተማ ሰው ከማንም ቀድሞ ሊረዳው ይችላል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምንኖር ሰዎች ስለ ፓምፕ ሳንወድ ተምረናል። ውሃን አራተኛ ፎቅ ለማድረስ ፓምፑ የሚቀመጠው ታች ነው። ጣሪያ ላይ ሰቅላችሁ ከታች ምጠጥ ብትሉት እምቢ ይላል። መምጠጥ የምንለው ነገር በእውነቱ አየር ውሃውን ከታች ሲገፋው ነውና። የአየር ጉልበት ደግሞ ልክ አለው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃን 10 ሜትር ያህል ይገፋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። እዚህ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። አሁን ቀና ብላችሁ አንድ ያደገ ባሕር ዛፍ እዩ። 30 ሜትር ቢሆን አይገርምም። ቅጠሉ ግን እስከ ጫፉ ለምለም ነው።

ጸሐፊው ፓምፑን ታች ያደረጉት ይህን አስበው ይመስለኛል። ያስኬዳል። ግን መፈተኛው ቀላል ነው። ከታች የሚገፋ ፓምፕ ቢኖር ኖሮ፣ ባሕር ዛፍ በቀትር ሲቆረጥ እንደ ፈነዳ ቧንቧ ውሃው ፊት ላይ በተረጨ ነበር። በቀትር ባሕር ዛፍ ቆርጦ ልብሱ የራሰ ሰው ካለ፣ ያራሰው ላቡ ነው።

ክርክሩን የዘጋው ጀርመን ውስጥ ቦን ከተማ ያስተምር የነበረው ኤድዋርድ ስትራስቡርገር ነው። በ1891 ባሳተመው ሥራው ያደረገውን ነገር ለልጆቼ ስነግራቸው ሁሌም ጸጥ ይላሉ። 20 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ዛፎችን ከግርጌያቸው በመጋዝ ቆረጠ። የተቆረጠውን ጫፍ ህዋስ የሚገድል መርዝ ውስጥ ነከረ። ሥር የለም። ግንዱ ውስጥ ያሉ ህዋሳትም መርዙ ባለፈበት ሁሉ ሞቱ። ፈሳሹ ግን መውጣቱን ቀጠለ። የቆመው መርዙ ቅጠሎቹ ዘንድ ደርሶ እነሱንም ሲገድል ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ያለው ላይ ነው። ነዳጁም ፀሐይ ናት። ዲክሰንና ጆሊ የሚባሉ ሁለት የደብሊን ሰዎች አሠራሩን በ1894 አቀረቡ። ውሃ ከቅጠል ሲተን፣ የሄደው ከኋላው ያለውን ይጎትታል። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘዋል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይከተላል። ጉተታው ከቅጠሉ ተነስቶ በግንዱ ወርዶ አፈር ውስጥ እስካለችው የሥር ፀጉር ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነቃ ያለ አንባቢ ይይዘኛል። «ቅድም ከ8 ሜትር በላይ መምጠጥ አይቻልም አላልክም?» ብያለሁ። በፓምፕ ሰፊ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ አጥብቀው ሲጎትቱት አረፋ ይፈጥርና ይበጠሳል። የዛፍ ቱቦ ግን ሌላ ነው። ሲፈጠር ጀምሮ ውሃ እንደሞላበት ነው። በጣም ቀጭን ነው። ግድግዳው ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ቅጠሉ ላይ ውሃው የሚተንባቸው የህዋስ ግድግዳ ክፍተቶች ደግሞ በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ የሚለኩ ናቸው። አየር በነሱ ሰብሮ መግባት አይችልም። እንዲህ የተያዘ ውሃ እንደ ሽቦ ይጎተታል። በድርቅ ጊዜ ግን ይበጠሳል። ሲበጠስ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው። በጆሮ አይሰማም፤ ረቂቅ ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ ግን ይሰማዋል።

እነዚህ ቱቦዎች ዛይለም ይባላሉ። ሥራቸውን የሚጀምሩት ከሞቱ በኋላ ነው። ህዋሱ ግድግዳውን ያጠነክራል፤ ከዚያ ውስጡን ባዶ አድርጎ ይሞታል። ግድግዳው ባይጠነክር ጉተታው ያጣብቀው ነበር። ጭማቂ በስትሮ አጥብቀን ስንመጥ ስትሮው እንደሚጨፈለቀው ማለት ነው። እንጨት የምንለው ነገር በአብዛኛው ይኸው ነው። የሞተ ቧንቧ ላይ ተቀምጠን፣ የሞተ ቧንቧ ላይ እንበላለን።

ጸሐፊው ግን ነገሩን ከመሬት አላነሱትም። ሥር ትንሽ ይገፋል። ሌሊት አፈሩ እርጥብ ሲሆንና ትነት ሲቆም ግፊት ይፈጠራል። ጠዋት በበቆሎ ቅጠል ጫፍ ተንጠልጥሎ የምናየው ጠብታ ሁልጊዜ ጤዛ አይደለም። ከውስጥ የተገፋም አለበት። ግፊቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ባር አያልፍም፤ 1 ባር ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን የአየር ጉልበት ያህል ነው። ብዙ ዛፎች ላይ ጭራሽ አይታይም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። ውሃው ይበልጥ በሚፈለግበት ሰዓት ሥራ የሚያቆም ልብ ምን ዓይነት ልብ ነው?

ጽሑፉ ባያነሳውም ልጆቼ የሚያነሱት ሌላ መልስ አለ፦ የኩራዝ ክር። ጋዝ በክሩ እንደሚወጣው ውሃም በቀጭን ቱቦ ይወጣል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይወጣል። ስፋቱ 0.1 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ የሚወጣው ግን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለጎመን ይበቃል።

«ውሃውም ስኳሩም በአንድ ቧንቧ ከመሬት ይወጣሉ፤ ሸንኮራ አገዳ ምስክር ነው።»

ምስክሩ ለእኔ ነው የመሰከረው። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ሲመረትበት የኖረው የወንጂ አፈር ጣፋጭ አይደለም። ስኳር የሚሠራው ቅጠል ላይ ነው፤ ከውሃ፣ ከአየር በሚገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከፀሐይ ብርሃን። ከዚያ ወደ አገዳው ወርዶ ይጠራቀማል። መንገድ ዳር አገዳ እየላጠ ያደገ ልጅ ሁሉ ግርጌው እንደሚጣፍጥ ያውቃል። ጫፉን ለታናሽ፣ ግርጌውን ለራስ። ጸሐፊው «ግርጌው የሚጣፍጠው ለሥሩ ስለሚቀርብ ነው» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ግርጌው ያረጀው፣ ስኳር ለማጠራቀም ረጅም ጊዜ ያገኘው ክፍል ስለሆነ ነው።

ስኳሩ የሚሄድበት ቱቦ ደግሞ ሌላ ነው። ፍሎየም ይባላል። ዛይለም የሞተ ነው፤ ፍሎየም ግን በሕይወት አለ። ግን እንዴት ያለ ሕይወት! የቱቦው ህዋሳት መንገዱን ለስኳር ለመልቀቅ ኒውክለሳቸውን፣ ማለትም የህዋሱን መቆጣጠሪያ፣ ጥለዋል። ጎናቸው ያለች ጎረቤት ህዋስ ናት የምታኖራቸው። እሷ ከሞተች እነሱም የሉም።

አሠራሩን ጀርመናዊው ኤርንስት ሙንሽ እ.ኤ.አ. በ1930 አስረድቷል። ቅጠሉ ስኳር ቱቦው ውስጥ ይጭናል። ስኳር ያለበት ቦታ ውሃ ይስባል። ከአጠገቡ ካለው ዛይለም ውሃ ይገባል። ግፊት ይፈጠራል። በሌላኛው ጫፍ፣ ሥር ወይም ፍሬ ስኳሩን ሲያወርደው ውሃውም ይወጣል፤ ግፊቱ ይረግባል። ስለዚህ ሽሮፑ ግፊት ካለበት ወደሌለበት ይፈስሳል። ፍጥነቱ በሰዓት አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ጸሐፊው መግፋት አለ ማለታቸው እዚህ ላይ ልክ ይሆንላቸዋል። የሚገፋው ግን ስኳሩ ነው፤ የሚገፋበትም ቦታ ቅጠሉ ነው።

ማስረጃው ጎመን ላይ የሚሰፍረው ክሽክሽ ነው። ይቺ ነፍሳት መርፌ የመሰለ አፏን ልክ ፍሎየሙ ውስጥ ትሰካለች። ተመራማሪዎች አፏን እንደተሰካ ትተው ገላዋን ቆርጠው አነሱ። ከተሰካው መርፌ የስኳር ፈሳሽ ለሰዓታት መንጠባጠቡን ቀጠለ። ማንም አይመጥም። ተክሉ ራሱ ይገፋል። እንዲያውም ለክሽክሿ ስለሚበዛባት ትርፉን በኋላዋ ታወጣዋለች። መኪናውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ የሚያጣብቅ ጠብታ መስታወቱ ላይ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘው ይህንኑ ነው። ምን እንደሆነ አለማወቁ ሳይሻለው አይቀርም።

በዚሁ አንድ የእኛን የአስተማሪዎችን ጥፋት ላርም። ልጆች «ውሃ ወደ ላይ፣ ስኳር ወደ ታች» ብለው ይሸመድዳሉ። እኛም ምልክት እናደርግላቸዋለን። ስኳር ግን አቅጣጫ የለውም። ከሚተርፍበት ወደሚጎድልበት ይሄዳል። ማድ ቤት የተረሳ ድንች ሲበቅል አይታችኋል። ቡቃያው ቅጠል ገና የለውም። ስኳሩ ከድንቹ ተነስቶ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ቁልቋሉን በአጭሩ ልለፈው። ነጩ ወተት የዛፉ ደም አይደለም። የዛይለምም የፍሎየምም ፈሳሽ አይደለም። ቁልቋል፣ ሾላና ሌሎችም ለብቻው የተሠራ የወተት ቱቦ አላቸው። ሥራውም መከላከያ ነው፤ የሚበላቸውን ያቃጥላል፣ አፉን ያጣብቃል። ዓይኑ የገባበት ሰው ያውቀዋል።

ስኳር በጥብጦ ሥር ላይ ማፍሰሱ ደግሞ ይቅር። ሥር ምግቡን ከላይ ነው የሚቀበለው። አፈር ላይ የፈሰሰው ስኳር ለሻጋታና ለጉንዳን ድግስ ነው። ብጥብጡ ከወፈረ ጭራሽ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ ችግኙ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠማል። ጸሐፊው ምክሩን ከምን እንዳመጡት ግን እገምታለሁ። የተቆረጠ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ትንሽ ስኳር ይጨመራል፤ ከጥቂት በረኪና ጋር ከሆነ ደግሞ አበባው ይቆያል። እሱ ልክ ነው። የተቆረጠ አበባ ቅጠሉና ሥሩ ቀርቶበታል፤ ስኳሩም በተከፈተው ዛይለም በኩል ቀጥታ ይገባል። በረኪናው ባክቴሪያ ቱቦውን እንዳይደፍን ነው። ሥር ላለው ችግኝ አይሠራም።

«ቅርፊት የዛፍ ልብስ ነው። ቢላጥ፣ ቢታሰር ምንም አይሆንም።»

ሌላውን ሁሉ ፈገግ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ይህን አልችልም።

የውጨኛው ደረቅ ቅርፊት እውነትም ልብስ ነው። ከበታቹ ያለው እርጥብ ንብርብር ግን ልጥ ነው። ገጠር ያደገ ሰው እንጨት የሚያስርበት፣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንልበት ያ ልጥ። ፍሎየሙ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ዛይለሙ ከእሱ ወደ ውስጥ፣ እንጨቱ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ልጡን የገፈፈ ሰው የዛፉን የስኳር መንገድ ሙሉ በሙሉ ቆርጧል። የውሃውን አልነካም።

አታላይነቱም ይኸው ነው። ውሃው ስለሚወጣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሰውየውም «ላጥኩት፣ ምንም አልሆነም» ይላል። ሥሩ ግን ያስቀመጠውን እየበላ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል፤ ሥሩ ሲሞት ውሃው ይቆማል። ማሳ የሚመነጥር ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ዙሪያውን ይልጠዋል፣ ዛፉም ቆሞ ይደርቃል። ጣሊያናዊው ሐኪም ማልፒጊ እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ ቅርፊት በቀለበት ልጦ፣ ከቀለበቱ በላይ ያለው ግንድ ሲያብጥ አይቷል። ከላይ የሚመጣው ምግብ እዚያ ታግዶ ነው።

እብጠቱን እኔም አይቼዋለሁ። ቀበና ተከራይቼ ስኖር ግቢው ውስጥ አንድ ኮክ ነበር። የልብስ ማስጫ ሽቦ ስዘረጋ አንዱን ጫፍ አጥሩ ላይ፣ ሌላውን ኮኩ ላይ ጠመጠምኩ። አጥብቄ። ያኔም ባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ግንዱ ወፈረ፤ ሽቦው አልወፈረም። በሁለተኛው ዓመት ከሽቦው በላይ እንቅርት የመሰለ ነገር አበጠ። የዚያን ክረምት ኮኩ እንደዚያ ጣፍጦ አያውቅም። አከራያችን «ዘንድሮስ ባረከልን» እያሉ ለጎረቤት በሳህን በሳህን ላኩ። ለካ ወደ ሥር መውረድ የነበረበት ስኳር ሽቦው ጋ ታግዶ ፍሬው ውስጥ ገብቷል። የወይን አምራቾች ይህን አውቀው ያደርጉታል። እነሱ ግን ስስ ቀለበት ልጠው ቁስሉ በጥቂት ሳምንት እንዲድን ይተዉታል። እኔ ሽቦዬን ረሳሁት። በአራተኛው ዓመት ኮኩ ቅጠል አላወጣም።

«ቡዳ በላው» አሉ አከራያችን። ያን ሁሉ ሳህን ለጎረቤት ማዞራቸው ቆጫቸው። እኔም ዝም አልኩ።

አሁን ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስሄድ ዓይኔ ግንድ ላይ ነው። ማስታወቂያ የተመታበት ሚስማር ያናድደኛል፤ ግን አንድ ነጥብ ቢያቆስል ነው፤ ዛፉ በዙሪያው ያልፋል። የሚያስፈራኝ ለበዓል መብራት ወይም ለድጋፍ ተብሎ ተጠምጥሞ የተረሳ ሽቦ ነው። ግንዱ ውስጥ ሰምጦ ካልታየ ደግሞ ይብሳል።

ጸሐፊው ለማስረጃ ያቀረቡት አንድ መንገድ ዳር ያለ ዘንባባ ነው። ግንዱ ዙሪያውን ተቆርጦ፣ ዓመታት አልፈው፣ አሁንም አለ ይላሉ። አምናቸዋለሁ። ግን ዘንባባ እንደ ኮክ አይደለም። ልጥ የሚባል ቀለበት የለውም። ዛይለሙና ፍሎየሙ በትናንሽ እሽግ ሆነው ግንዱ ውስጥ በሙሉ ተበትነዋል፤ ሸንኮራ አገዳ ስናኝክ የምንተፋው ጭረት እንደተበተነው ሁሉ። ከዳር ቢጎዳ መሀሉ ይሠራል። በዘንባባ ያዩትን ለጃካራንዳና ለወይራ ማዋል ነው ስህተቱ።

አንድ ነገር ቀረ። ጸሐፊው ሲጨርሱ «ይህ ሁሉ በዓይን የማይታይ ምስጢር ነው» ብለዋል። ይታያል። አንድ ነጭ ጽጌረዳ ግዙ። ግንዱን ውሃ ውስጥ እንዳለ በሰያፍ ቁረጡት፤ አለዚያ አየር ይገባና የተያያዘውን ውሃ ይበጥሰዋል። ከዚያ ግንዱን በምላጭ ከታች ወደ ላይ ለሁለት ሰንጥቁ። አንዱን እግር ቀይ የኬክ ቀለም ያለበት ብርጭቆ ውስጥ፣ ሌላውን ሰማያዊ ውስጥ አቁሙ። መስኮት ጋ አስቀምጡት። በነጋታው ግማሹ አበባ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ክሮቹ በቅጠሉ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሥር የላትም፤ ጠጥታለች።

ጸሐፊው ቅዳሜ አራት ኪሎ ብቅ ካሉ ከልጆቹ ጋር አብረን እናየዋለን። ጽጌረዳዋን እኔ እገዛለሁ፤ የኬክ ቀለሙን እርስዎ ይዘው ይምጡ።